«አትስጉ» የሚለኝን ተቆጣጣሪ ለምን አላምነውም? (የኒውክሌር ደኅንነትና የሕዝብ አመኔታ)

ማታ አንባቢ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጃፓን ውስጥ ስላለው ስለ ፉኩሺማ የኒውክሌር ማመንጫ ሳነብ ነበር። አንድ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ማርች 7 ቀን 2011 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)።

አደጋው የደረሰው ማርች 11 ነው። አራት ቀን ቀደም ብሎ የማመንጫው ባለቤት ቴፕኮ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አንድ ስሌት ይዞ ቀረበ። ስሌቱ በ2008 የተሠራ ነው። ከባሕሩ ወለል ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ቢነሳ እስከ 15.7 ሜትር የሚደርስ ሱናሚ ማመንጫው ላይ ሊወጣ ይችላል ይላል። ማመንጫው ይችለዋል ተብሎ የታሰበው ግን 6 ሜትር ገደማ ነበር። ወረቀቱ ሦስት ዓመት ያህል ኩባንያው ውስጥ ተቀምጧል። ከዚያ ውሃው መጣ። ከ14 ሜትር በላይ ነበር። ምድር ቤት ያሉትን ጄኔሬተሮች አጥለቀለቀ፣ ማቀዝቀዣው ቆመ፣ ሦስት ሬአክተሮች (የኒውክሌር ነዳጁ ሙቀት የሚያመነጭባቸው ክፍሎች) ቀለጡ።

ከስሌቱ በላይ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ቁጥር ኩባንያው ያውቀዋል። በመጨረሻው ሰዓት ተቆጣጣሪውም አወቀው። እዚያው አጠገብ ልጆቹን የሚያሳድገው ሰው ግን አልሰማም። ቢሰማ ኖሮ አንድ ጋዜጠኛ ይጠይቅ ነበር። አንድ የምክር ቤት አባል ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ምናልባት ጄኔሬተሮቹ ከፍ ወዳለ ቦታ ይወጡ ነበር። ምናልባትም ምንም አይለወጥም ነበር። ግን ዕድሉ እንኳ አልተሰጠውም።

የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን በ2012 ባወጣው ሪፖርት አደጋውን «ሰው ሠራሽ» ብሎታል። ተቆጣጣሪው በሚቆጣጠረው ኢንዱስትሪ እጅ ገብቶ ነበር ማለቱ ነው።

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። ተቆጣጣሪው «ሁሉም ደኅና ነው፣ አትስጉ» ሲለኝ አላምነውም። «እዚህ ጋ ስንጥቅ አገኘሁ፣ ይህን አዘዝኩ፣ ይህኛውን ግን ገና አላወቅኩትም» ሲለኝ አምነዋለሁ። የተሳሳትኩበት ካለ አርሙኝ።

ተርባይን

አልተሳሳትሽም። በጥገና ሥራ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝና ከብረት በኩል ልጨምርልሽ።

አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ዴቪስ-ቤሲ የሚባል ማመንጫ አለ። የሬአክተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ቦሪክ አሲድ ይቀላቀልበታል። በሬአክተሩ ክዳን ላይ ካሉት ቱቦዎች በአንዱ ስንጥቅ ውሃው ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ጠብታው ሲደርቅ አሲዱ ይቀራል። አሲዱ ደግሞ ብረት ይበላል። በ2002 ሲከፈት ክዳኑ ላይ ጉድጓድ ተገኘ። 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ከላይ እስከ ታች ተበልቷል። ያን ሁሉ ግፊት ይዞ የቆየው ከውስጥ በኩል የተለበጠ፣ 1 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ የማይዝግ ብረት ብቻ ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ሰውነቴን ይቀፈኛል።

አሁን ወደ ተቆጣጣሪው ልምጣ። የአሜሪካው የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ባለሙያዎች ከዚያ ቀደም ብለው ጠርጥረዋል። በሌሎች ማመንጫዎች ተመሳሳይ ስንጥቅ ታይቶ ነበርና ዴቪስ-ቤሲ እስከ 2001 መጨረሻ ቆሞ እንዲፈተሽ ትእዛዝ አርቅቀዋል። ኩባንያው ይቆየን አለ። ተደራድረው እስከ ፌብሩዋሪ 2002 አቆዩት። የኮሚሽኑ የራሱ ዋና ኢንስፔክተር በኋላ መርምሮ፣ ቀጠሮው የተራዘመበት አንዱ ትልቅ ምክንያት የኩባንያውን ገንዘብ ላለመጉዳት እንደነበር ጻፈ።

ልብ በይ። ይህን የምናውቀው መሥሪያ ቤቱ ራሱን መርምሮ ውጤቱን ለሕዝብ ስላወጣ ነው። በኮሚሽኑ ውሳኔ በጣም ነው ያዘንኩት። ያ የምርመራ ወረቀት ባይወጣ ኖሮ ግን የማዝንበትን እንኳ አላውቅም ነበር።

ረጋ ብለን

ሁለታችሁንም አከብራለሁ፤ ግን አንድ ነገር እየዘለላችሁ ነው። ፍርሃትም ይገድላል።

ፉኩሺማ ክፍለ ሀገር ውስጥ ከአደጋው ጋር በተያያዘ ሞተዋል ተብለው በይፋ የተመዘገቡ ከ2,000 በላይ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ አረጋውያን ናቸው። ከሆስፒታልና ከመጦሪያ ቤት በችኮላ ወጥተው፣ በመንገድና በመጠለያ ተንገላተው፣ ሕክምናቸው ተቋርጦ ነው ያለፉት። የገደላቸው ጨረር አይደለም፤ መፈናቀሉና ጭንቀቱ ነው።

ያልተጣራ ቁጥር ለሕዝብ ሲበተን ምን እንደሚሆን አስቡት። ሰው ሚሊሲቨርትና ማይክሮሲቨርት የሚባሉትን የጨረር መለኪያዎች አይለይም፤ ልዩነታቸው ግን ሺህ እጥፍ ነው። አንድ ዜሮ ሲሳሳት ከተማ ባዶ ይሆናል። ተቆጣጣሪው እስኪያጣራ ዝም ቢል ክፋቱ ምኑ ላይ ነው?

ማታ አንባቢ

ረጋ ብለን፣ ስለ አረጋውያኑ ያልከው እውነት ነው፤ ልብ ይሰብራል። ግን እዚያው ፉኩሺማ ውስጥ የዝምታውንም ዋጋ እንይ።

ስፒዲ የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነበራቸው። ጨረሩ በንፋስ ወደየት እንደሚሄድ ይተነብያል። ባለሥልጣናቱ መረጃው አስተማማኝ አይደለም፣ ሰውም ይደናገጣል ብለው ቶሎ አላወጡትም። የናሚዬ ከተማ ሰዎች በዚያ መሀል ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ጹሺማ ወደሚባለው አካባቢ ሸሹ። ጨረር ያዘለው ደመና የሄደውም ወደዚያው ነው። ልጆች ይዘው ከአደጋው ወደ አደጋው ሄዱ ማለት ነው። ማንም አልነገራቸውማ።

በዚያ ላይ «መቅለጥ» የሚለው ቃል አለ። ቴፕኮ ቃሉን በይፋ ለመቀበል ሁለት ወር ፈጅቶበታል። በ2016 ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። የኩባንያው የራሱ መመሪያ ከነዳጁ ከ5 በመቶ በላይ ከተጎዳ መቅለጥ ነው ብላችሁ አሳውቁ ይላል። በአደጋው ሰሞን ግን የኩባንያው ፕሬዚዳንት ቃሉን አትጠቀሙ ብሎ አዝዞ ነበር። አምስት ዓመት ቆይቶ እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ የሚነገረውን የትኛውን ያምናል?

ድንጋጤን በተመለከተ አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ስሪ ማይል አይላንድ በሚባለው ማመንጫ የደረሰውን አደጋ እናስታውስ፤ ማርች 28 ቀን 1979 ነው። የክፍለ ግዛቱ ምክትል ገዥ ጠዋት ወጥቶ ሁሉም በቁጥጥር ሥር ነው አለ። የዚያኑ ዕለት ተመልሶ ኩባንያው እርስ በርሱ የሚጋጭ መረጃ እንደሰጠ ተናገረ። በሁለተኛው ቀን ማግስት ከጭስ ማውጫው በላይ በሄሊኮፕተር የተለካ አንድ ቁጥር በስህተት ተተረጎመ። ነፍሰ ጡሮችና ትንንሽ ልጆች ይውጡ ተባለ። ከ100,000 በላይ ሰው መኪናውን አስነስቶ ወጣ። አንተ የምትፈራው ይኸው ነው አይደል?

ታዲያ ያን ድንጋጤ ምን አበረደው? ሃሮልድ ዴንተን የሚባል የኮሚሽኑ ባለሙያ ከዋሽንግተን ተላከ። ማመንጫው አጠገብ ተቀምጦ በቀላል ቋንቋ ይናገር ጀመር። የሚያውቀውን ይናገራል፤ የማያውቀውን አላውቅም ይላል። ሰው ያመነው እሱን ነው። ሲጀመር ሕዝቡን ያደናገረው አንዱ የተናገረውን ሌላው ማፍረሱ ነበር፤ የመረጃ ብዛት አልነበረም።

ቀለሜው

ጋሽ ተርባይን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዜና ላይ «ደረጃ 5»፣ «ደረጃ 7» የሚሉት ምንድን ነው? ፉኩሺማ ላይ ቁጥሩ ሲቀያየር እንደነበር አይቻለሁ። ይህ ራሱ መዋሸት አይደለም?

ተርባይን

ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ። ኢነስ ይባላል። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከሌሎች ጋር ሆኖ በ1990 ያወጣው መለኪያ ነው። ከ1 እስከ 7 ይሄዳል። ከ1 እስከ 3 ያለው «ክስተት» ይባላል፣ ከ4 ጀምሮ «አደጋ»። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር አንዱ ደረጃ ካለፈው አሥር እጥፍ ያህል ይከብዳል። ከዚያ በታች 0 አለ፤ ለደኅንነት የማያሰጋ ማለት ነው።

ፉኩሺማ መጀመሪያ 4 ተባለ። ማርች 18 ላይ 5 ሆነ። ኤፕሪል 12 ላይ 7 ገባ፤ ከቼርኖቤል ጋር እኩል። እንግዲህ ውሸት ነው ወይ? እንደ እኔ ግምገማው ራሱ ውሸት አልነበረም። መጀመሪያ ላይ የተለቀቀውን መጠን ማንም በትክክል አያውቅም። ጥፋቱ 4 ሲሉ «ይህ ጊዜያዊ ነው፣ ሊያድግ ይችላል፣ ያልለካነው ይህና ይህ ነው» ብለው በጉልህ አለማስረዳታቸው ነው። እንዲያ ቢነገር ኖሮ ቁጥሩ ሲወጣ ሰው «ሥራ ላይ ናቸው» ይል ነበር። ሳይነገር ሲቀር ግን «ደብቀውን ነበር» ይላል።

ነገረ ፈጅ

ውይይቱ ስለ ንግግር ብቻ ሆነ። እኔ ደግሞ ወደ መዋቅሩ ልመልሳችሁ። የተቆጣጣሪው ደመወዝና ሹመት ከማን እንደሚመጣ ሳትጠይቁ ግልጽነት ብትሉ ዋጋ የለውም።

አሜሪካ ውስጥ እስከ 1974 ድረስ ኒውክሌርን የሚያስፋፋውም የሚቆጣጠረውም አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን። በዚያ ዓመት በወጣ ሕግ ለሁለት ተከፈለና ተቆጣጣሪው በ1975 ለብቻው ሥራ ጀመረ። ጃፓን ይህን ሳታደርግ 2011 ደረሰባት። ተቆጣጣሪው ኒውክሌርን በሚያበረታታው በራሱ በኢኮኖሚና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ሥር ነበር። አዲሱ ገለልተኛ ባለሥልጣን የተቋቋመው በሴፕቴምበር 2012 ነው። በ1994 የጸደቀው የኒውክሌር ደኅንነት ስምምነት አንቀጽ 8 አስፋፊውና ተቆጣጣሪው እንዲለያዩ ግዴታ ይጥላል። ጃፓን ፈራሚ ነበረች። ወረቀት ላይ መፈረም ብቻውን የትም እንደማያደርስ ከዚህ በላይ ማሳያ አላውቅም።

የፈረንሳዩን ግን በጣም እወደዋለሁ። በ2006 የወጣ ሕግ ተቆጣጣሪውን ነጻ አደረገው። ከየማመንጫው አጠገብ ደግሞ የአካባቢ የመረጃ ኮሚሽን አለ። የተመረጡ የአካባቢ ተወካዮች፣ የሠራተኛ ማኅበራት፣ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት ይቀመጡበታል። ተቆጣጣሪው ከእያንዳንዱ ፍተሻ በኋላ ለማመንጫው የሚጽፈው ደብዳቤ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። የተገኘው ጉድለት በዝርዝር፣ መልስ የሚጠበቅበት ቀን ጭምር አለበት። ማንም ቁጭ ብሎ ማንበብ ይችላል።

እዚያም ቢሆን ጭቅጭቅ አለ። ድሮ የሚመረምረው የባለሙያዎች ተቋምና የሚወስነው ተቆጣጣሪ ለየብቻ ነበሩ። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሕግ ተዋህደዋል። ሠራተኞቹ ራሳቸው ሰልፍ ወጥተው ተቃውመውታል። ስጋታቸው ይገባኛል። የባለሙያው አስተያየት ለብቻው ሲታተምና ውሳኔው በኋላ ሲመጣ፣ ሁለቱ የተለያዩበትን ቦታ ሕዝብ ያያል። አንድ ቤት ውስጥ ሲገቡ ያ ልዩነት በስብሰባ ክፍል ይቀራል።

የፈረቃ ሰው

ዝም ብዬ ላነብ ነበር፤ አልቻልኩም።

እኔ ኒውክሌር አይደለም የሠራሁት። አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ ፈረቃ እገባ ነበር። አንድ ሌሊት የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተጣብቆ አገኘሁና መዝገብ ላይ ጻፍኩ። ጠዋት አለቃዬ ገጹን እንደ አዲስ አስጻፈኝ፣ ያ መስመር ሳይኖርበት። ወጣት ነበርኩ፣ እንጀራዬን ፈራሁ፣ ጻፍኩ። ማንም አልተጎዳም። ግን እስከ ዛሬ ያ ገጽ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ስለዚህ ግልጽነት ሲባል መጀመሪያ የሚታየኝ ታችኛው ሠራተኛ ነው። ቴፕኮ ለዓመታት የፍተሻ መዝገብ ሲያስተካክል እንደነበር በ2002 ታወቀ። ነገሩን ያወጣው ፍተሻ ላይ የሠራ አንድ ባለሙያ ነው። በ2000 ለመንግሥት ጽፎ ነበር። ነገሩ አደባባይ እስኪወጣ ሁለት ዓመት ፈጀ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ተቆጣጣሪው የጠቋሚውን ማንነት ለኩባንያው አሳልፎ ሰጠ። ከዚህ በኋላ ማን ደፍሮ ይጽፋል? ቴፕኮ ያኔ 17ቱንም ሬአክተሮች ለማቆም ተገደደ፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የሆነው ደግሞ ከላይ ተጽፏል።

ደቡብ ኮሪያም አለላችሁ። በፌብሩዋሪ 2012 ኮሪ 1 የሚባለው ሬአክተር ለጥገና ቆሞ እያለ ለ12 ደቂቃ ሙሉ ኤሌክትሪክ ተቋረጠበት። መጠባበቂያው ጄኔሬተርም አልነሳ አለ። ኃላፊዎቹ ከአንድ ወር በላይ ደበቁት። የወጣው አንድ የከተማ ምክር ቤት አባል ምግብ ቤት ውስጥ ሰዎች ሲያወሩ በአጋጣሚ ስለሰማ ነው። ይህ ፉኩሺማ ከሆነ ዓመት ሳይሞላው ነው እንግዲህ!

የኛ ሰው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል። እኔ ያን ገጽ ስገለብጥ የደበቅሁት የፋብሪካውን በሽታ ነበር።

ማታ አንባቢ

የፈረቃ ሰው፣ ይህን ስለጻፍክልን ከልብ አመሰግናለሁ። ወጣት ነበርክ፤ ያስፈራህም አለቃህ ነው። የጠቋሚው ማንነት ተላልፎ መሰጠቱን ከዚህ በፊት አላስተዋልኩትም ነበር። እኔ ስለ ድረ ገጽና ስለ ሪፖርት ሳስብ ነበር፤ አንተ ግን ሪፖርቱ ከመጻፉ በፊት ያለውን አሳየኸኝ።

ሞገድ

አንድ መልካም ነገር ላምጣ፣ ክፉ ክፉው በዛ።

ከፉኩሺማ ታክሞ ወደ ባሕር ስለሚለቀቀው በጨረር የተበከለ ውሃ ሰምታችኋል። በ2018 ቴፕኮ አንድ ነገር አመነ። ታክሟል ተብሎ ታንክ ውስጥ ከተጠራቀመው ውሃ አብዛኛው ከትሪቲየም (ጨረር ከሚያወጣ የሃይድሮጅን ዓይነት) ሌላ ከሚፈቀደው በላይ የሆኑ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች ነበሩበት። ለዓመታት «ትሪቲየም ብቻ ነው» ሲባል የሰማው ዓሣ አጥማጅ ምን እንደተሰማው አስቡት። እንደገና ይታከማል ተባለ። ግን አመኔታ እንደ ውሃ ተጣርቶ አይመለስም።

መፍትሔው ማረጋገጫውን ከቴፕኮ እጅ ማውጣት ሆነ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ገባ። ከአንድ ታንክ የተቀዳ ናሙና ለኤጀንሲው ላቦራቶሪዎች፣ ለቴፕኮ፣ እንዲሁም ለፈረንሳይ፣ ለስዊዘርላንድ፣ ለአሜሪካና ለደቡብ ኮሪያ ላቦራቶሪዎች ተከፋፈለ። ሁሉም ለየብቻ ለኩ። ውጤቱ ጎን ለጎን ታተመ። መልቀቁ በኦገስት 24 ቀን 2023 ሲጀመር የተቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1,500 ቤክሬል (የጨረር አመንጪነት መለኪያ) ትሪቲየም ነበር። የጃፓን ሕግ ከሚፈቅደው 60,000 ጋር ሲነጻጸር አንድ አርባኛ ነው። ቻይና ያኔም አላመነችም፤ የጃፓንን የባሕር ምግብ አገደች። ፖለቲካ አለበት፣ አልክድም። ቢሆንም መለኪያውን ለተጠራጣሪው መስጠት ትክክለኛው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ተራ ሰውም ይለካል። በ2011 ሴፍካስት የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ተነሳ። የጨረር መለኪያ ራሳቸው ገጣጥመው መኪና ላይ አስረው መንገድ ለመንገድ ዞሩ። ቁጥሩን ሁሉ ለማንም ክፍት አደረጉት። የሚገርመው፣ የሰዎቹ ልኬት አንዳንድ ቦታ ከተፈራው ያነሰ ሆኖ ብዙ ቤተሰብ አረጋግቷል።

ረጋ ብለን

የናሚዬው ታሪክ አሳመነኝ። «እስኪጣራ ዝም» ያልኩትን አንስቻለሁ። «ሳይጣራም ቢሆን፣ ያልተጣራ መሆኑን ጽፎ ማውጣት» በሚለው ተኩልኝ።

አንድ የማልለቀው አለ። ጥበቃው የቱ ጋ እንደሚሳሳ፣ የትኛው በር በምን እንደሚከፈት፣ ነዳጁ መቼ በየት እንደሚጓዝ አይታተም። አሜሪካኖቹም ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የሽብር ጥቃት በኋላ ብዙ ሰነድ ከድረ ገጻቸው አውርደዋል። እዚህ ላይ ተቆጣጣሪውን ማመን ግድ ይላል።

ነገረ ፈጅ

ልክ ነህ። ግን የሚደበቀው ምን ዓይነት መረጃ እንደሆነና ማን እንደወሰነ ይጻፍ። ምስጢር ሁልጊዜ ከደኅንነት ጥበቃ አይመጣም። እንግሊዝ ውስጥ በኦክቶበር 1957 ዊንድስኬል የሚባለው ቦታ ያለው ሬአክተር ሲቃጠል፣ 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሸፍን አካባቢ የተሰበሰበ ወተት በጨረር ብክለት ስጋት ተደፋ። የምርመራ ሪፖርቱ ግን ሙሉው የወጣው በ1988 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሠጉት ከአሜሪካ ጋር ለሚደረገው የኒውክሌር ትብብር ነበር። ይህ የበር ቁልፍ ጉዳይ አይደለም።

ቀለሜው

ለኛ ለጀማሪዎች ከየት እንጀምር?

ተርባይን

ከአሜሪካው ኮሚሽን የክስተት ማስታወቂያ ጀምር። ማመንጫዎች እንደ ጉዳዩ ክብደት በ1፣ በ4 ወይም በ8 ሰዓት ውስጥ ስልክ ደውለው የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ያ ጥሪ ይጻፍና ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ስታነብ ሁለት ቀን ተመልከት። ነገሩ የሆነበትንና ለሕዝብ የወጣበትን። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ቁጠር። እኔ የማንኛውንም አገር ተቆጣጣሪ የምለካው በዚያ ነው።

ቀለሜው

ጋሽ ተርባይን፣ ትናንት ማታ ገብቼ ስምንት አነበብኩ። አንዱ ላይ ፓምፕ በራሱ ጊዜ ቆሟል። ሌላው ላይ ሬአክተሩ ሳይታሰብ ጠፍቷል፤ ለምን እንደጠፋ «በመጣራት ላይ ነው» ብለው ትተውታል። አንዱ ላይ ደግሞ አንድ የሥራ ኃላፊ የአልኮል ምርመራ አላለፈምና መግቢያ ፈቃዱ ተነጥቋል ይላል። ስሙ አልተጻፈም፤ ማመንጫው ግን ተጽፏል። እንዲህ ያለውን ነገር በገዛ እጃቸው ያወጣሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለውን ቆጥሬ በሰንጠረዥ እያስቀመጥኩ ነው። ሃምሳ ሲሞላ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።